የሚያንጠባጥብ የዘይት ኮፓ ላይ ሲሊኮን መደረብ ጥገና አይደለም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ ከተማ በተሽከርካሪ ጥገና ሥራ መተዳደር ከጀመርኩ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የመኪና ባለቤቶችም ሆኑ የሙያ ባልደረቦቼ እንደ ቀላል ነገር የሚያልፉት፣ እኔ ግን ደህና ሞተር ከአገልግሎት ውጪ ሲያደርግ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ በሞተሩ ሥር ተንጠልጥሎ ዘይቱን ከሚይዘውና በጋራዥ ቋንቋ ኮፓ ከምንለው ክፍል የሚወጣ የዘይት ጠብታ ነው።

ከሁለት ወር በፊት በአንድ ሰኞ ማለዳ፣ በሜትር ታክሲ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ቪትዝ መኪናውን አስጎትቶ ወደ ጋራዣችን መጣ። ሞተሩ ነክሷል፤ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ወጣቱ ደጋግሞ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ጋሼ፣ ዘይቱ እኮ አልጎደለም፣ ትናንት ማታ ራሴ ለክቼዋለሁ» ይለኛል። እውነቱን ነበር፤ መለኪያዋን መዝዤ ስመለከት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ላይ ነው። ነገሩን ከሥሩ ስጠይቀው፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት ማታ ተሳፋሪ ይዞ ወደ አንድ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ሲገባ ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ሳያየው ወጥቶበት የመኪናው ሆድ በኃይል እንደተመታ፣ በማግሥቱ ጠዋት ከመኪናው ሥር የዘይት ጠብታ እንዳየና በቅርቡ ወዳገኘው ጋራዥ እንደወሰደው ነገረኝ። እዚያም ኮፓው ተፈትቶ፣ በላዩ ሲሊኮን የምንለው ፈሳሽ ማሸጊያ ተቀብቶ፣ ተገጥሞና ዘይት ተሞልቶ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መኪናውን ተረክቦ ወደ ሥራው ተመልሷል። ጠብታው በእርግጥም ቆሞ ነበር።

ኮፓውን ስንፈታ መጀመሪያ ያየነው ዙሪያውን ወደ ውስጥ ተገፍቶ እንደ ገመድ የተንጠለጠለ ሲሊኮን ነው። የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ገልብጬ ስመለከት ከግማሽ በላይ የሆኑት ዓይኖቹ በሲሊኮን ብጥስጣሽ ተደፍነው አገኘኋቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የትንሽ ጣቴን ያህል ርዝመት ነበረው። በዚያ ላይ ኮፓው ወደ ውስጥ የጎደጎደው ልክ ከመምጠጫው አፍ ትይዩ ላይ ስለነበር፣ ወንፊቱ የኮፓውን ወለል እየነካ የፈተገበት ቦታ ክብ ሆኖ እንደ ማኅተም ታትሞ ይታይ ነበር። የሞተሩ ዋና ዘንግ ተደግፎ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖች ብርማ ገጽታቸው ተፍቆ መዳብ መስለዋል፤ አንደኛው ከቦታው ዞሮ ዘንጉን፣ ክራንክ ሻፍቱን፣ አርሶታል። እንግዲህ ይህ ሞተር የሞተው ዘይት አጥቶ ሳይሆን፣ ዘይት ሞልቶ ተኝቶለት ሳለ መጠጣት ተከልክሎ ነው። ወጣቱ ሌላ ሞተር ለመግዛት ተበድሯል።

ያንን ሥራ የሠራውን ሰው ለመወንጀል አልጽፍም። እኔም ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን እያየ «ማታ ለሥራ እፈልጋታለሁ» ሲለኝ፣ ወፍራም አድርጌ ቀብቼ የሸኘኋቸው መኪኖች ነበሩ፤ ከእነዚያ ስንቱ በኋላ ምን እንደደረሰበት ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ለዚህም ነው ነገሩን ከነአሠራሩ ማስረዳት የምፈልገው።

ኮፓ ዘይት የሚጠራቀምበት ሣጥን ብቻ አይደለም። በውስጡ፣ ከወለሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወንፊት የለበሰ የመምጠጫ ቱቦ አለ፤ የዘይት ፓምፑ በዚያ በኩል ዘይቱን እየሳበ በፊልትሮው (በዘይት ማጣሪያው) አሳልፎ ወደ ብሮንዚኖቹና ወደ ሞተሩ ላይኛ ክፍል፣ ወደ ቴስታታው፣ ይገፋዋል። በከተማችን በብዛት የምናየው ባለ 1500 ሲሲው የቶዮታ 1 ኤንዜድ ሞተር ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ዘይት ነው፤ በመለኪያው ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነትም በአብዛኞቹ አነስተኛ መኪኖች ከአንድ ሊትር እምብዛም አይርቅም። ከዚህ የተነሣ አንድ ባለ መኪና በየማታው መኪናው የሚያድርበት ቦታ ላይ የሚያየው ጠብታ ትንሽ ቢመስለውም፣ መኪናው በጉዞ ላይ ሳለና ዘይቱ ግሎ በቀጠነ ጊዜ የሚወጣው ቆሞ ከሚወጣው ስለሚበልጥ፣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች የሚወርድበት ቀን ከሚያስበው ፈጥኖ ይደርሳል።

ስለ ጉድጉዱ ለብቻው መናገር ይኖርብኛል። ባለ መኪኖች የሚፈሩት መንጠባጠቡን ነው፤ ኮፓው ተመትቶ ገባ ካለና ዘይት ካልወጣው ግን «ተመስገን» ብለው ይተዉታል። በሙያዬ ካየሁት፣ የማያንጠባጥብ ጉድጉድ ከሚያንጠባጥብ ስንጥቅ የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ስንጥቁ በመሬት ላይ ምልክቱን ይተዋል፣ ጉድጉዱ ግን መምጠጫው ሥር ያለውን ክፍተት አጥብቦ ፓምፑን በዝምታ ያስርበዋል። ሆዱ የተመታ መኪና ዘይት ባያፈስም ሥሩን ለማየት ወደተቆፈረው ፎሳ ወጥቶ መታየት አለበት፤ ጉድጉዱ በመምጠጫው አቅጣጫ ከሆነም ኮፓው ወርዶ መቃናት ወይም መለወጥ ይኖርበታል። ይህንን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ነው።

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ደግሞ ዘይቱ በእርግጥ ከኮፓው የሚመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኮፓ የሞተሩ የመጨረሻው ታችኛ ክፍል እንደመሆኑ ከላይ የሚፈሰው ሁሉ ወደ እሱ ይወርዳል። ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል ከሚገባው ማሸጊያ)፣ ከዘይት ግፊት ሴንሰሩ፣ በደንብ ካልጠበቀ ፊልትሮ፣ ከፊት ወይም ከኋላ የክራንክ ሻፍት ኦይል ሲል የሚወጣ ዘይት በጉዞ ነፋስ እየተገፋ ኮፓውን ያለብሰውና ጥፋቱ የኮፓው ይመስላል። ኮፓው በከንቱ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ መንጠባጠቡን ያላቆመ፣ በመጨረሻም የግፊት ሴንሰሯ ስትለወጥ የዳነ መኪና በእጄ ገብቶ ያውቃል።

ማረጋገጫው ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ሥሩ በሚገባ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያ በኮፓው ዙሪያና ከኮፓው በላይ ባሉት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃናት ገላ ፓውደር በስሱ ይነፋል፤ መኪናው አሥራ አምስት ወይም ሃያ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ይመለስና በመብራት ይታያል። ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ ከየት ተነሥቶ በየት እንደወረደ መንገዱ እንደ ጅረት ተሥሎ ይገኛል። ባለ መኪናውም ቢሆን ማታ ሲያቆም ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፎ ማደር ይችላል። ጠዋት ካርቶኑን አንሥቶ ጠብታው የትኛው ጎማ አጠገብ እንዳረፈ ለመካኒኩ ቢያሳየው የግማሽ ቀን ፍለጋ ያድንለታል። ቀለሙንም መመልከት ጥሩ ነው፤ የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ሲሆን፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀላ ይላል፣ የራዲያተር ውኃ ደግሞ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ሲነካ አይቀባም።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ ልምጣ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እሱ ነውና። ብዙዎቹ የጃፓን አነስተኛ መኪኖች በኮፓውና በሞተሩ ብሎክ መካከል የወረቀት ወይም የላስቲክ ጓርኒሲዮን የላቸውም፤ ፋብሪካው ራሱ የሚያሽገው በፈሳሽ ማሸጊያ ነው። ስለዚህ ሲሊኮን መጠቀሙ በራሱ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ያለው በአጠቃቀሙ ነው። ከጥንቃቄዎቹ ውስጥ እጅግ የሚዘነጉትን በዝርዝር ማንሣት እፈልጋለሁ።

ኮፓው ቡሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ እንኳ አሮጌው ማሸጊያ አጥብቆ ስለሚይዘው በቀላሉ አይወርድም፤ ያን ጊዜ ካቻቢቴ ከትቶ መፈልቀቅ የተለመደ ነው። ይህ የቆርቆሮውን ከንፈር ያጣምመዋል፣ አሉሚኒየም ከሆነም ይጭረዋል፤ ቀጥሎ ምንም ያህል ቢቀባ በዚያ ጭረት በኩል ዘይት ይወጣል። ሥራው ስስና ሰፊ ምላጭ ቀስ እያሉ በመዶሻ እያስገቡ ማሸጊያውን መቁረጥ ነው። አሮጌውን ሲሊኮን ለመፋቅ ደግሞ በመፍጫ ማሽን ላይ የሚገጠም የሽቦ ወይም የሸካራ ዲስክ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ከዲስኩ የሚረግፈው ደቃቅ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ብሮንዚን ይበላል። የእንጨት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ መፋቂያ ጊዜ ቢወስድም ጉዳት አያመጣም።

ከተፋቀ በኋላ ሁለቱም ፊቶች በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ተጠርገው ነጭ ጨርቅ ሲታሽባቸው ጨርቁ ነጭ ሆኖ መመለስ አለበት። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። ኮፓው ከወረደ በኋላ ከብሎኩ ውስጥ ዘይት ለብዙ ሰዓት ጠብ ጠብ ማለቱን አያቆምም፤ አሁን የተጠረገው ከንፈር ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ዘይት ለብሶ ይገኛል፣ ሲሊኮን ደግሞ በዘይት ላይ አይጣበቅም። እኛ ዛሬ የምንሠራው ኮፓውን ከሰዓት በኋላ አውርደን፣ ብሎኩ ሌሊቱን እንዲንጠፈጠፍ ትተን፣ ጠዋት እንደገና ጠርገን በመግጠም ነው። መኪናው እኛ ዘንድ የሚያድረው መካኒኩ ሰንፎ እንዳልሆነ ባለንብረቱ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ።

የሚቀባው መጠን ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሳይቋረጥ ዙሪያውን የሚሄድና ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በስተ ውስጥ የሚያልፍ አንድ መስመር ነው። ከዚህ በላይ የሆነው ሁሉ ሲጠብቅ መሄጃ አጥቶ ግማሹ ወደ ውጪ ግማሹ ወደ ውስጥ ይወጣል፤ ወደ ውጪ የወጣውን እያየን «በደንብ ታሽጓል» እንላለን፣ ወደ ውስጥ የገባውን ግን አናየውም። ያ ነው ደርቆ፣ በትኩስ ዘይት ተላልጦ፣ በመጨረሻም የወጣቱን ሞተር ወንፊት የደፈነው። ቶዮታ ለዚህ ዓይነት ማሸጊያ በጥገና መመሪያዎቹ የሚያዝዘው፣ ከተቀባ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ኮፓው ቦታው እንዲያርፍ፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ቡሎኖቹ እንዲጠብቁና ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ሞተሩ እንዳይነሣ ነው፤ በገበያችን የምናገኛቸው አብዛኞቹ ሲሊኮኖች ፈጽመው የሚደርቁት ግን በሃያ አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከተቻለ ማደሩ ይመረጣል። ወዲያው ዘይት መሙላት ማለት ያልደረቀውን ማሸጊያ ከውስጥ ማጠብ ነው።

የኮፓ ቡሎኖች ትንንሾች ናቸው፤ በአብዛኛው ባለ 10 ቁልፍ የሚይዛቸው ስድስት ሚሊ ሜትር ቡሎኖች ሲሆኑ የሚፈልጉት የማጥበቂያ ኃይል ከ9 እስከ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ይህ በረጅም እጀታ ሳይሆን በአጭር እጀታ፣ በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ የሚጠብቅ ነው። ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳርና ዳር እየተሻገሩ፣ በሁለት ዙር ማጥበቅ ያስፈልጋል። «እንዳያፈስ በደንብ ልጠብቀው» ብሎ መጎተት የቆርቆሮ ኮፓን ከንፈር በየቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ወደ ውስጥ ያጎደጉደዋል፤ የቡሽ ወይም የላስቲክ ጓርኒሲዮን ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ይሰነጠቃል። የጎደጎደ ከንፈር ሳይጣል መዳን ይችላል፤ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስደግፎ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መልሶ ማስተካከልና በቀጥ ያለ ብረት እየለኩ ማረጋገጥ ነው። ጓርኒሲዮን ባለበት ኮፓ ላይ ሲሊኮን መደረብም የተለመደ ስሕተት ነው፤ አምራቹ ካላዘዘ በስተቀር፣ እሱም ብዙ ጊዜ በማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ነው፣ ጓርኒሲዮኑን ያንሸራትተዋል እንጂ አያግዘውም።

የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኑም እንደዚሁ ነው። ለጠቀስኩት ለ1 ኤንዜድ ሞተር 37 ኒውተን ሜትር ገደማ በቂው ሲሆን፣ ሥሩ ያለችው ሮንዴላ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መለወጥ አለባት። ፊሌቶው፣ ማለትም ቡሎኑ የሚገባበት ጥርስ፣ ተበልቶ ሲገኝ ከሱ ወፈር ያለ ቡሎን በግድ እያዞሩ ማስገባት ኮፓውን ይሰነጥቃል፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ በልኩ አዲስ ፊሌቶ ማስወጣት ነው መፍትሔው።

ኮፓው በደንብ ታሽጎ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ቢያፈስ ጥፋቱ ከማሸጊያው ላይሆን ይችላል። ፒስተኖቹን አልፎ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ የሚወጣበት የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ በጭቃማ ዘይት ሲደፈን ውስጡ ይታመቅና ዘይቱን በደካማው መጋጠሚያ ሁሉ እየገፋ ያስወጣዋል። ቫልቩን ነቅሎ በጆሮ አጠገብ ቢወዘውዙት ደህናው ቻክ ቻክ የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ የተደፈነው ዝም ይላል። የሚታጠብ ከሆነ ይታጠባል፣ ካልሆነ ዋጋው ከኮፓ ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለምና ይለወጣል። በአሮጌ ሞተር ላይ ኮፓ ስናወርድ ይህን ሳናይ ማለፍ የለብንም።

መንጠባጠቡን ለማስቆም ተብሎ ከታዘዘው የወፈረ ዘይት መሙላትም በብዛት ይታያል። 5ደብሊው-30 የታዘዘለት ሞተር 20ደብሊው-50 ሲሞላበት ጠብታው ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ብርድ ያ ወፍራም ዘይት ወደ ቴስታታው ለመድረስ ይዘገያል፣ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ብረት ከብረት ይፋተጋል። «ፍሳሽ ያቆማል» እየተባሉ የሚሸጡት ጠርሙሶችም የደረቀ ላስቲክ ኦይል ሲልን ሊያለሰልሱ ይችላሉ እንጂ የተሰነጠቀ ብረትን ወይም የተላቀቀ ሲሊኮንን የሚያደርጉት ነገር የለም።

ስንጥቅን በተመለከተ፣ የቆርቆሮ ኮፓ ከመኪናው ወርዶ፣ ዘይቱ በሚገባ ታጥቦለት፣ በጥሩ በያጅ እጅ ሊበየድ ይችላል፤ የአሉሚኒየሙ ብየዳ የተለየ ማሽንና ልምድ ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ መለወጡ ይሻላል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮፓ የሚገዛ ሰው ከንፈሩን በመስታወት ላይ አስቀምጦ እንዳይወዛወዝ ማየትና የማፍሰሻውን ፊሌቶ በራሱ ቡሎን መሞከር አለበት። በፑቲ ዓይነት ብረት ለጣፊ የተደፈነ ስንጥቅ ሰውን ከመንገድ ወደ ቤቱ ለማድረስ የሚያገለግል ነው፤ ከዚያ በላይ ሊታመን አይገባም፣ በተለይም ዘይቱ በጋለ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቱቦ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ የቃጠሎ አደጋ ስላለው።

ከጉዳቱ ሁሉ አስቀድሞ መጠበቅ የሚቻልባቸው መንገዶች በአሽከርካሪው እጅ ናቸው። የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እስከ መጨረሻው ፍሬን ይዞ በመውጣቱ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ ወደ መሬት ስለሚያጎነብስ ኮፓው ለመመታት ይቀርባል። ቀድሞ አብርዶ፣ የፊት ጎማዎች ከመውጣታቸው በፊት ፍሬኑን መልቀቅ ብቻውን ጥቂት ጣት የሚያህል ከፍታ ያተርፋል። ያረጀ አሞርዛተርና የደከመ ሞላም መኪናውን ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ኮፓ የሚጠግን ሰው እነሱንም ቢያይ መልካም ነው። ጎማ ለመቀየር ክሪክን ኮፓው ሥር አስደግፎ ማንሣት ግን መንገድ ሳይመታው ጉድጉድ የሚፈጥር በመሆኑ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ በመኪናው ጎን ሥር ተለይቶ ተሠርቷል።

የሞተር ሥር መከላከያ ጋርድ ማስገጠም በኮብልስቶን ሰፈርና በጠጠር መንገድ ለሚሠራ መኪና ትልቅ ጥቅም አለው። ሆኖም ጋርዱ ዘይት ማፍሰሻውና ፊልትሮው ሊደረስባቸው የሚችሉባቸው ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋርዱ ጠብታውን ተቀብሎ ስለሚደብቀው፣ ጋርድ ያለው መኪና መሬቱ ደረቅ ነው ተብሎ መዘናጋት አይገባም። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ጋርዱ ወርዶ ሥሩ ይታይ።

የዘይት መለኪያውን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ደልዳላ ቦታ ላይ መመልከት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ቀይዋ የዘይት መብራትስ አለች አይደለም ወይ የሚሉ አሉ። በአብዛኞቹ መኪኖቻችን ያች መብራት የምትናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም፤ በጉዞ ላይ ስትበራ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ «እስከ ማደያው ልድረስ» ማለት አይቻልም፤ ዳር ይዞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። ወጣቱ መብራቷ ከበራች በኋላ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ነበር፤ ዘይቱ ሙሉ መሆኑን ስለሚያውቅ መብራቷ የተበላሸች መስላው።

ለሚመለከታቸው አካላትም ጥቂት ቃል አለኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት ሞተሮች ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርባቸውና በቀላሉ የማይተኩ ንብረቶች ሆነዋል። ታዲያ በየዓመቱ ለቦሎ በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ ላይ ብዙ ባለ መኪኖች በዋዜማው ሞተሩን አሳጥበው ስለሚቀርቡ የዘይት ፍሳሹ ሳይታይ ያልፋል። መርማሪዎች መኪናው ለጥቂት ደቂቃ በሥራ ላይ እያለ የኮፓውን መጋጠሚያና የተመታ ቦታ መኖር አለመኖሩን በመብራት ቢመለከቱና በወረቀቱ ላይ ቢጽፉለት፣ ባለንብረቱ ባይቀጣም እንኳ ያውቅ ነበር። ጉዳዩ የባለንብረቱ ብቻም አይደለም፤ በበጋው አስፋልት ላይ የተጠራቀመው ዘይት የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው መንገዱን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል፣ ከሁሉ በፊት የሚወድቀውም በሞተር ብስክሌት የሚሠራው ነው።

በየሰፈሩ ስለሚሠሩት የፍጥነት መቀነሻዎች ስናገር ልጆቻችንን ከአደጋ የሚጠብቁ መሆናቸውን አልዘነጋም፤ እንዲነሡ አልጠይቅም። ነገር ግን በሌሊት የማይታይ፣ ጠርዙ እንደ ግድግዳ የቆመ ጉብታ ሕፃናቱንም አይጠብቅም፣ ምክንያቱም አሽከርካሪው የሚያውቀው ከተመታ በኋላ ነው። የወረዳና የክፍለ ከተማ የመንገድ ባለሙያዎች ነዋሪው በራሱ ገንዘብ የሠራቸውን ጉብታዎች ዞረው አይተው፣ ጠርዛቸው ቀስ ብሎ የሚወጣ እንዲሆን ቢያስተካክሉና ነጭና ቢጫ ቀለም ቢያስቀቡ፣ ሥራው የአንድ ቀን ሲሚንቶና የአንድ ባልዲ ቀለም ነው።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መምህራንንም በትሕትና እለምናለሁ። ወደ እኛ ለልምምድ የሚመጡት ወጣቶች የሞተርን አራት ምት አሠራር በቃላቸው ያውቃሉ፤ የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካውን ቶርክ ሬንች ግን ብዙዎቹ በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። ለአንድ ክፍል አንድ ቢኖር እንኳ ተራ እየጠበቁ ስድስት ሚሊ ሜትር ቡሎን ምን ያህል በጥቂት ኃይል እንደሚጠብቅ እጃቸው ይለምደው ነበር።

የዚያ ወጣት ቪትዝ አሁን ሌላ ሞተር ተገጥሞለት ወደ ሥራው ተመልሷል። የተጎዳውን ኮፓ ከነወንፊቱና ከነተላላጠው ሲሊኮን እንዲተውልኝ ጠይቄው ሰጥቶኛል። ዘይት ሊያስቀይር ወይም «ሲሊኮን ብቻ ቀባልኝ» ሊለኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከጋራዣችን በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ሊያይ የሚፈልግ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ቢመጣ በደስታ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ